ያልተፈተነ መሣሪያ ያልሸጡ ሰው፦ የ«ጋሼ ማስረጃ» የሕይወት ታሪክ

ሠራተኞቻቸው «ጋሼ ማስረጃ» የሚሏቸው ታላቅ ወንድማችን ከትምህርት ቤት አናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ከአራት ልጆች የመጀመሪያው ነበሩ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የተነገራቸውን ካላዩ የማያምኑ፣ ያዩትንም ካልፈቱ የማይረኩ ነበሩ። በዘጠኝ ዓመታቸው የቤታችንን የግድግዳ ሰዓት ፈትተው ሲገጥሙት ሁለት ብሎን ተረፋቸው፤ ሰዓቱ ግን መሥራቱን ቀጠለ። አባታችን ሊቆጡ ፈልገው ምክንያት አጡ።

በ1966 ዓ.ም. ከቴክኒክ ትምህርት ቤት በኤሌክትሪክ ሙያ በማዕረግ ተመርቀው በአንድ ትልቅ ሆስፒታል የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሆነው ተቀጠሩ። የሆስፒታሉ ምድር ቤት መጋዘን ተገዝተው በተቀመጡ መሣሪያዎች የተሞላ ነበር፤ ከመካከላቸውም ከነላስቲካቸው የቆሙ ነበሩ። ሻጮቹ ምላሳቸው ቅቤ ነበርና በሽተኛው ቶሎ ይድናል ወይ፣ የነርሷስ ድካም ይቀንሳል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ወንድማችን ያንን መጋዘን አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ እያዩ አንጀታቸው አረረ።

በ1974 ዓ.ም. የዚያው ሆስፒታል የላብራቶሪ ባለሙያ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ባለቤታቸው እንደሚያጫውቱን፣ ለጋብቻ ሲጠይቋቸው እንኳ ምክንያታቸውን በወረቀት ዘርዝረው ነበር የመጡት። ስድስቱ ነጥቦች ስለ ጠባይና ስለ ሥራ ነበሩ፤ ፍቅር የመጣው በሰባተኛው ላይ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ከእኔ ከታናሽ ወንድማቸው ጋር ክብደታቸው አንሶ ለሚወለዱ ሕፃናት ማሞቂያ አልጋ የሚሠራ አነስተኛ ወርክሾፕ ከፈቱ። እሳቸው ሠሪ፣ እኔ ሻጭ ነበርን። መመሪያቸው አንድ ነበር፦ መጀመሪያ ማዋስ፣ ኋላ መሸጥ። አልጋውን ለስድስት ወር ያለ ክፍያ ለሕፃናት ክፍል ሰጥተው፣ በር አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይመዘግባሉ። ሕፃኑ በስንት ቀን ወደ ቤቱ ሄደ? አልጋውን ማጠብ የነርሷን ስንት ደቂቃ ወሰደ? ሆስፒታሉስ ለአልጋው ካወጣው ምን ተረፈው? እኔ በበኩሌ ሌሎቹ ሸጠው ሲጨርሱ እኛ ገና እንቆጥራለን እያልኩ እነጫነጭ ነበር። እሳቸው ወይ ፍንክች!

በ1991 ዓ.ም. ትልቁ ዕድላችን መጣ። አልጋችንን ተውሶ የነበረው ሆስፒታል የግዢ ኮሚቴ አርባ አልጋ ሊገዛን ተዘጋጀ፤ የአሥራ አራት ሠራተኞቻችን እንጀራም በዚያ ውል ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ሕፃናት በእኛ አልጋ ሦስት ቀን ቀድመው ወደ ቤት እንደሚሄዱ የሚገልጽ ማጠቃለያ ከቢሯችን ተልኳል። በስብሰባው ዕለት ጠዋት፣ ኮሪደር ላይ ተራችንን ስንጠብቅ፣ ወንድማችን ማጠቃለያውን ከሕፃናት ክፍሉ መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። አልጋው ላይ ሳሉ ሁኔታቸው ከብዶ ወደ ሌላ ሆስፒታል የተላኩ አሥራ አንድ ሕፃናት ማጠቃለያው ውስጥ የሉም። እነሱ ሲጨመሩ ሦስቱ ቀን ወደ ግማሽ ቀን ወረደ። የተጓደለ ቁጥር ያቀረበ ሰው ዳግም በፊቱ እንዳይቀርብ የሚከለክል ደንብ ኮሚቴው እንዳለው ሁለታችንም እናውቅ ነበር። ስማችን ሲጠራ ገቡና ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ያቀረብነውን ቁጥር እንዳታምኑት። አሥራ አንድ ሕፃናት ጎድለውበታል። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ውሉ ቀረ። እሳቸውም በግል ታገዱ። ሠራተኞቻችን ለወራት በግማሽ ደመወዝ ሠሩ፤ ዘመድ አዝማዱም እንጀራውን በገዛ እጁ ደፋ ብሎ አማቸው። ነፍሷን ይማርና እናታችን እንኳ፣ ልጄ ቁጥር ላይ ድሮም ልቡ ሌላ ጋ ነው እያለች እስከ ዕለተ ሞቷ አዝና ኖራለች። እሳቸው ፈገግ ብለው ያልፉት ነበር።

የእነዚያን ሕፃናት መዝገብ አንድ በአንድ ሲመረምሩ መብራት ከፍና ዝቅ ባለ ቁጥር የአልጋው ሙቀት እንደሚወርድ ደረሱበት። ጉድለቱን አስተካክለው በሦስት ሆስፒታሎች ለሁለት ዓመት እንደገና ፈተሹት፤ የሄደም የተላከም ሕፃን ሳይቀር ተቆጠረ። ልዩነቱ ሁለት ቀን ከሩብ ሆነ፤ እውነተኛ ሁለት ቀን ከሩብ። በ1994 ዓ.ም. ውጤቱን ለኮሚቴው ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ እሳቸው ስለታገዱ ውጭ ኮሪደር ላይ ጠበቁ። ኮሚቴው አጨበጨበልኝ። ዛሬ እነዚያ አልጋዎች በሃያ ስድስት ሆስፒታሎች ውስጥ ይሠራሉ፤ ይህን ስጽፍ ደረቴ ይነፋል።

ወንድማችን ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። ለሚታዘዝላቸው ሁሉ ማስረጃ ስለሚጠይቁ ሐኪማቸው በመጨረሻ ገና ወንድማችንን ሲያዩ ለረጅሙ ጥያቄ ወንበር ስበው መቀመጥ ጀምረው ነበር። የካቲት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ69 ዓመታቸው ቤተሰቦቻቸው በተሰበሰቡበት አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውን፣ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት እህቶቻቸውንና እኔን ትተው ሄደዋል።

ልጆቻቸው የ1991ዱ ስህተት በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይገባ ለምነውኝ ነበር። ልጆቼ፣ ይቅር በሉኝ። ያንን ማጠቃለያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሥራ አንዱን ሕፃናት የዘለልኳቸውም እያወቅሁ ነው። አባታችሁ ኮሪደሩ ላይ መዝገቡን ዘግተው አንድ ጊዜ ፊቴን አዩኝ፤ ከዚያ ተነስተው ገቡ። እኔም ተከትዬ ገብቼ፣ ሲናገሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ጠረጴዛው ላይ አፈጠጥኩ። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ለእናታችንም፣ ለባለቤታቸውም አልተነፈሱም። እኔም እስከ ዛሬ ዝም አልኩ።

ፈጣሪ የወንድሜን ነፍስ በደጋጎቹ መካከል ያኑርልን። ከስማቸው ላይ ይህን ጥፋት አንሱልኝ፤ የእኔ ነው።