ጉሮሮ የማይቆነጥጠው የወይራ ዘይት

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ። ባለሽበት ሰላምሽ ይብዛ፤ በሄድሽበት ሁሉ ደግ ሰው ይግጠምሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ደረጃ መውጣት ጀምሯል።

የላክሽልኝን የወይራ ዘይት፣ እኔ ሐኪም ቤት ስለነበርኩ አክስትሽ ተቀበለችልኝ። እንደ ልማዴ ጽሑፉን አነበብኩ፤ ያለ ሙቀትና ያለ ኬሚካል የተጨመቀ፣ አንደኛ ደረጃ ይላል። እንዲህ ያለው ዘይት እርጥብ ሣር ይሸታል፣ ምላስ ላይ መረር ይላል፣ ጉሮሮም ይቆነጥጣል። እኔ የቀመስኩት ግን በፋብሪካ ተጣርቶ ጠረኑም ጣዕሙም የጠፋውን ነው። ነጋዴው አታሎሻል ብዬ አዘንኩልሽ።

እሑድ አክስትሽ መጣችና፣ «እትዬ፣ ልጅቷን ሸውደዋታል፤ ያ ዘይት እኮ ይመራል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል» አለችኝ።

«የት ቀመስሽው?» አልኳት።

«ኧረ፣ ሲሉ ሰምቼ ነው» ብላ ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ጠርሙሱ ጥቁር ስለሆነ፣ ገልብጣ ሌላ ብትሞላበት የማውቅ አልመሰላትም። ያንገበገበኝ ዘይቱ አይደለም፤ ብትጠይቀኝ ግማሹን እሰጣት ነበር። አንድ ጡት ጠብተን አድገን እንዴት እኔን?

አደራ፣ ደውለሽ እንዳትወቅሻት። ለእሷም አንድ ጠርሙስ ላኪላት፤ የእኔን ግን በሌላ ሰው እጅ አድርጊው። እጅሽ አይንጠፍ፣ የምታምኚው ሰው አይክዳሽ።

እናትሽ