አንገተ ረጅሙ ቤዝ

ሐምሌ 21 ቀን 1999፣ ፍኖተ ሰላም

ሲዘንብ ዋለ። በቆሎው ደህና ነው። የጓሮውን አጥር ጠገንሁ።

ከሰዓት የድሮ ባልንጀራዬ እጅጉ ከቡሬ መጣ፤ ጫማው ጭቃ በጭቃ። ገና ሳይቀመጥ ነገሩን አወጣው። ክንፈሚካኤል ለሚሊኒየሙ ዋዜማ ቡሬ ባለው ሆቴሉ ውስጥ ባንድ ይፈልጋል። የሚፈልገው ደግሞ እኛን።

«የድሮውን የካምፕ ሮክ ተጫወቱልኝ ነው የሚለው።»

«በምን? ቤዝ ጊታር የለኝ።»

«እሱ ይገዛል። አንተ ምረጥ ብሏል።»

ክንፈሚካኤል በመንገድ ሥራው ካምፕ የወጥ ቤት ተላላኪ ነበር። እኔ ጄኔሬተር ጠባቂ፣ እጅጉ ጸሐፊ። የካምፑ ፈረንጆች የሮክ ሸክላ ሲያስጮሁ እኛ ከመስኮቱ ሥር... አስተማሪ አልነበረኝም። የቤዙን መንገድ መጀመሪያ በአፌ አዜመዋለሁ፣ ከዚያ በጣቴ እፈልገዋለሁ። እጅጉንም ጊታሩን ያስጠናሁት እንደዚያው ነው፣ በአፍ። ፈረንጆቹ አገራቸው ሲገቡ ቤዛቸውንና ጊታራቸውን ለእኛ ትተው ሄዱ። በደርግ ጊዜ ቀበሌው ለኪነት ብሎ ቤዜን ወሰደው። እጅጉ የራሱን ጊታር ጣሪያ ሥር ደብቆ አተረፈ። እኔ መደበቅ አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ቤዝ ይዤ አላውቅም። ሠላሳ ዓመት አለፈ...

ለታንጉት ምንም አልነገርኋት። ሚስት ግን ፊት ታነባለች። «ምን አገኙ?» አለችኝ።

ነሐሴ 2

ጾም ገባ። እጅጉ ልምምድ እንጀምር ብሎ ላከብኝ። በጾም የጊታር ክር አልነካም አልሁ። ከወጣትነቴ ጀምሮ ነክቼ አላውቅም፤ ካምፕ እያለን እንኳ። ያውቃል። ለምን ይጠይቃል? እሱና እንዳለው የሚባለው ድራም መቺ ይለማመዱ። ዘፈኖቹ በእኔ ራስ ውስጥ ናቸው፣ የትም አልሄዱ።

ነሐሴ 9

ባሕር ዳር ደርሼ መጣሁ። ክንፈሚካኤል ለሆቴሉ ዕቃ ሊገዛ ሲሄድ እኔንና እጅጉን ጫነን።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ቤዝ ብቻ። አንዱ ጥቁር፣ ከባድ፣ አንገቱ ረጅም። ሌላዋ ቀይ፣ አጠር ያለች። ሻጩ ጎረምሳ ሁለቱንም መታልን። መስማት ጆሮ ነው፣ እጅ አይደለም፤ ሰማሁ። ጥቁሩ ሆዴ ውስጥ ገባ። ያ ነው። ለሮክ እንደዚያ የሚያጉረመርም ነው የሚፈለገው። ቀይዋም አትከፋም፣ ግን ድምፅዋ ይሳሳል።

«አባቴ፣ እስቲ ይያዙት። አንገቱ ይረዝማል፣ እጅዎ ይድረስ አይድረስ ይዩት» አለኝ ሻጩ።

«በጾም ክር አልነካም።»

«ሳትመታው ጣትህን ብቻ ዘርጋበት» አለ እጅጉ። «እግዜር ይኼን አይጽፍብህም።»

«የእግዜር ጸሐፊ መቼ ሆንህ?» አልሁት።

ሻጩ ቀይዋን አነሣ። «እንግዲያው ይቺን ይውሰዱ። ለሽማግሌ እጅ ትቀላለች።»

ክንፈሚካኤል ሳቀ። እጅጉም ፈገግ አለ፤ አይቼዋለሁ።

ጥቁሩን ጠቅልል አልሁት።

የሽማግሌ እጅ... ትናንት ግንድ ሲፈልጥ የዋለው የማን እጅ ነው?

ነሐሴ 17

ጾም ተፈታ። ቤዙን ከጨርቁ አወጣሁ። ቀኝ እጄ ሁሉንም ያስታውሳል። ግራው ግን... ትንሿ ጣቴ አንገቱ ላይ ድምፅ ከሚለዩት ብረቶች ከታችኞቹ አትደርስም። ስዘረጋት ሌሎቹ ይለቃሉ።

ወደ ማታ አበጠች። ታንጉት በሞቀ ውኃ አሸችልኝ።

«ለምን በቀይዋ አይለውጡትም?»

«ስለ ቀይዋ ማን ነገረሽ?»

እጅጉ ነው። ወሬኛ።

ትለምዳለች። ጣት ነች።

ነሐሴ 21

አልለመደችም።

ነሐሴ 26

ቡሬ። የሆቴሉ አዳራሽ ገና ቀለም ቀለም ይሸታል። ሁለቱን ዘፈን እንደ ምንም ተወጣሁ። ሦስተኛው ላይ ቤዙ ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ አለ፣ ሁለት ፈጣን ድምፆች። አመለጡኝ። ደገምን። አመለጡኝ።

እጅጉ አቆመ። «ዝለላቸው። ማንም አያውቅም።»

«እኔ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ቀይዋን እናምጣ። ጊዜ አለን።»

«የልጅ ጊታር አልይዝም።»

«የልጅ አይደለችም። አጭር ናት እንጂ።»

«አንተ ያዛት።»

ድራም መቺው እንዳለው ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ጣሪያውን ያያል። ክንፈሚካኤል ወጣ፤ ኦርጋን ተጫዋቹን ናሁሰናይን ይዞ ተመለሰ። ሆቴሉ ውስጥ ቅዳሜና እሑድ የሚሠራ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ጣትዎ እስኪሻልዎ የቤዙን መንገድ በግራ እጄ ልያዝልዎት?»

ጨዋ ልጅ ነው። ያናደደኝም ጨዋነቱ ነው። ባለጌ ቢሆን መልስ ነበረኝ።

ቤዙን ወንበር ላይ አስደግፌ ወጣሁ። «ወዴት ነው?» አለ እጅጉ ከኋላዬ። መኪና ተራ ድረስ ይከተለኛል ብዬ ነበር።

ነሐሴ 28

አረም። ማንም አልመጣም።

ጳጉሜን 6

ልጆች ችቦ ይዘው አለፉ። «አይሄዱም?» አለች ታንጉት። «ወዴት?» አልኋት።

መስከረም 5 ቀን 2000

ገበያ ላይ እንዳለውን አገኘሁት። ሊሸሸኝ ነበር፣ በጎቹ መንገድ ዘጉበት።

«ዋዜማው አማረ?»

«አማረ።»

«ቤዙስ?»

«የኦርጋኑ ልጅ ያዘው። እጅጉ በአፉ እያዜመ አስጠናው።»

«ሦስተኛው ላይ ሁለቱን ድምፅ...»

«አልዘለላቸውም።»

ጥሩ። ጥሩ ነው እንግዲህ።

መስከረም 19

እጅጉ መጣ። ቀይዋ በጀርባው። ክንፈሚካኤልን ለምኖ፣ ባሕር ዳር ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቆ ጥቁሩን ለውጦታል። ደክሞታል። መቼ እንደዚህ አረጀ?

አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። «በጥር የክንፈሚካኤል ልጅ ሠርግ ነው። ናሁሰናይ አዲስ አበባ ይገባል። ያዛት።»

«አልፈልግም» አልሁት።

መጀመሪያ እንደዚያ ነው የምለው። ሁልጊዜ። ጠላ ቢቀዳልኝ፣ ጋቢ ቢያለብሰኝ፣ ከዝናብ ቢያስጠልለኝ እንቢ ነው። ከዚያ እሱ «በሞቴ» ይላል። እንደገና እንቢ እላለሁ። «አፈር ስሆን» ይላል። ከዚያ እቀበላለሁ። ከካምፕ ጀምሮ እንደዚህ ነን። ሌላ መንገድ አናውቅም።

ጠበቅሁ። እጄ እንኳ ከጉልበቴ ተነሥቶ ነበር።

«እሺ» አለ።

ተነሣ። ታንጉትን ተሰናበታት። ቀይዋን አንጠልጥሎ ወጣ።

ታንጉት ከበሩ ላይ «ይጥሩት እንጂ፣ ገና ድልድዩ ጋ ነው» አለችኝ።

ወጣሁ። አየሁት። ብጣራ ድምፄ ይደርሰው ነበር። ግን ምን ብዬ? እጅጉ፣ ተመለስ በሞቴ... ያን ቃል ዕድሜ ልኬን ሲባልልኝ እንጂ ለሰው ብዬው አላውቅም።

ቃሉ አፌ ላይ ነበር። እጅጉ ድልድዩን ተሻገረ።