ስርጉትን ጥሎ ስለገባው ጫማ

ለክቡር የሰሊጥ አዝመራ ሩጫ አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ገንዳ ውሃ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል እያልሁ፣ በዚህ በቆላው ሐሩር ውሃ ከአጠገብዎ፣ ጥላም ከራስዎ በላይ እንዳይጠፋ ከልቤ እመኛለሁ። ምናልባት ካላስታወሱኝ፣ እኔ እንዳለው ነኝ፤ ባለፈው ዓመት መስከረም ሃያ ሰባት በተደረገው የአሥራ አምስት ኪሎ ሜትር ውድድር ለሯጮች ውሃ እንዳመላልስ ከነትራክተሬ የጠራችሁኝ ሰው። በአደባባይ መጻፌን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ፤ በቢሮዎ በኩል ሦስት ጊዜ ጽፌያለሁ። የምለምነውም አንድ ነገር ብቻ ነው። በውጤት ዝርዝራችሁ ላይ ከሴቶች አራተኛ ወጣች ተብላ የተጻፈችው ስርጉት፣ «አልገባችም» ተብላ ይጻፍልን።

አንደኛ፣ ስለ ቺፑ ላመሰግን። ከጫማ ክር ጋር የምትታሰረውን ያቺን ጥፍር የምታህል ነገር ስታመጡልን፣ ከእንግዲህ በፊሽካና በደብተር መመዝገብ፣ ለወንድሙም ልጅ ሰኮንድ የሚቀንስ ዳኛ ቀረ ብላችሁን ነበር፤ እውነትም ቀረ። ቺፑ መጨረሻው ላይ የተነጠፈውን ምንጣፍ ሲያልፍ ማሽኑ ስምና ሰዓት ይይዛል፣ ለሯጩም ስልክ መልእክት ይልካል። ስርጉት ይህን ስትሰማ ደስታዋን አልቻለችውም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ማለዳ ማለዳ በአስፋልቱ ዳር ስትሮጥ ሦስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ አገኛት ነበር። ጎንደር ያለ አንድ ክለብ በማሽን የተያዘ ሰዓት ካመጣሽ እናይሻለን ብሏታልና፣ ያቺን ቀን በጣቷ ስትቆጥር ነው የከረመች።

ሁለተኛ፣ ስለ ዋልካው። ከሌላ አገር ለመጣው የማሽን ባለሙያችሁ የነገረው የለም፤ እኛም ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ስለመሰለን ዝም አልን። ጥቁር አፈራችን ዝናብ ካገኘው ጫማ ላይ ይለጠፋል፤ አሥር እርምጃ የሄደ ሰው በየእግሩ የወፍጮ መጅ የሚያህል ጭቃ ያነሣል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ ሲዘንብ ጫማ ይወልቃል፣ በእጅ ይያዛል፣ ወይም ለሚያልፍ ትራክተር ይሰጣል። ይህን አይቶ የሚገረም እንግዳ ብቻ ነው።

በውድድሩ ዋዜማ ዘንቦ አደረ። ስድስተኛው ኪሎ ሜትር ላይ መንገዱ በእርሻ መካከል ሲገባ አሥራ አንድ ሯጮች ጫማቸውን አወለቁ፤ ዐሥሩ ተሳቢው ላይ ወረወሩልኝ። ስርጉት ግን ጠጋ ብላ በእጄ ነው የሰጠችኝ። «ጋሽ እንዳለው፣ ይያዙልኝ፤ ከመጨረሻው ላይ እወስደዋለሁ» አለችኝ፤ እኔም አይዞሽ፣ ሂጂ አልኋት። ያን ያህል የጓጓችለት ቺፕ እዚያው ጫማ ላይ ነበር፤ ጭቃው ውጦት አይታይም፣ እግር ሲከብድም ሐሳብ ሌላ ቦታ አይሄድም። እሷ አላሰበችው፣ እኔም አላሰብሁት።

ሦስተኛ፣ ስላደረጋችሁልኝ አቀባበል። ባዶ ጀሪካን ጭኜ ስመለስ በጎን ያለውን መንገድ ሕዝብ ዘግቶት ስለነበር፣ አስተናባሪዎቻችሁ በመጨረሻው በር በኩል፣ በምንጣፉ ላይ እንዳልፍ በክብር ጋበዙኝ። አለፍሁም። ማሽናችሁም አሥራ አንድ ሰው በአንድ ሰኮንድ መግባቱን መዘገበ። በዓለም ላይ ታይቶ የማይታወቅ ይህን ተአምር ማንም ቆም ብሎ ሳይጠይቅ፣ ስማቸው አንድ በአንድ በድምፅ ማጉያ ተነበበ፤ ስርጉት ተብሎም ተጠራ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። እናቷ እትዬ ማዕረግ ቤት የቀረው የስርጉት ስልክም ያን ጊዜ ጮኸ፤ እንኳን ደስ አለዎት፣ ውድድሩን በሃምሳ አንድ ደቂቃ ከአርባ ሰኮንድ ጨርሰዋል ይላል። እትዬ ማዕረግ ጎረቤት አስነብባ እልል አለች፤ ዶሮ አርዳ ልጇን ትጠብቅ ጀመር።

አራተኛው የሁላችንም ነው፤ ከሁሉም የሚከብደኝ ይኸው ነው። ዐሥሩ ሯጮች በባዶ እግራቸው እየገቡ፣ እየሳቁ ጫማቸውን ወሰዱ። አንድ ጥንድ ቀረ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ያን ጫማ ይዤ ወደ ጠረጴዛችሁ መጣሁ፣ የዚህ ጫማ ባለቤት አልመጣችም ብዬም ጠየቅሁ። ባለሙያችሁ በትሕትና ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳየኝ፤ ስሟ አለ፣ ሰዓቷ አለ፣ ከጎኑም አረንጓዴ ምልክት አለ። ገብታለች፣ ጫማዋን ረስታው ይሆናል፣ ትመጣለች አለኝ። እኔም በእጄ የያዝሁትን ጫማ ትቼ መስታወት ላይ የተጻፈውን አመንሁ። ለሃያ ሁለት ዓመት ዋልካ ላይ የነዳሁ ሰው፣ አመንሁ! መንገድ ላይ የቀረ ሰው ካለ ሊያነሣ የተዘጋጀው መኪናችሁም ሁሉም ገብቷል ተብሎ ተመለሰ።

ወደ ማታ እትዬ ማዕረግ ልጄስ ብላ ስትመጣ፣ ገብታለች፣ ማሽኑ ይዟታል ብዬ የመለስሁላት እኔ ነኝ። የገባ ሰው መንገድ ላይ አይፈለግምና በየጓደኞቿ ቤት ፈለግናት። በማግሥቱ ማለዳ ሰሊጥ አጫጆች ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ገባ ብሎ ከቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኟት። ፀሐዩ አዙሯት መታጠፊያውን ስታለች። ሐኪሙ በውድድሩ ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ በሕይወት ሳትኖር አልቀረችም አለን። ከአራት እስከ ዘጠኝ አምስት ሰዓት ነው፤ እሷ ዘንድ ለመድረስ በትራክተር ዐሥር ደቂቃ አይሞላም። መንገዱ ዞሮ ስለሚመለስ ያ ዛፍ ከመጨረሻው መስመር ብዙም አይርቅም። ቆይቼ፣ ውድድሩ ባለቀበት ሜዳ ገበያ በቆመ ቀን ሄጄ ከሥሩ ተቀመጥሁ፤ የሜዳው ድምፅ ማጉያ ቃል በቃል ይሰማል። እንግዲህ ገብታለች ተብሎ ሲጨበጨብላት እሷም ሰምታለች ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር አላውቅም፤ ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ዞር ብዬ ተሳቢውን አያለሁ፤ በጭቃ የሚሄድ የባዶ እግር ዳና እሰማለሁ፣ እፈራለሁም።

ክቡር ሆይ፣ በእርሻ ካምፖቻችን አንድ ኋላ ቀር ልማድ አለን። ማታ እራት ሳይቀርብ ካቦው የሠራተኛውን ስም ይጠራል፤ እያንዳንዱ በገዛ አፉ አቤት ይላል። ለሌላ ሰው አቤት ማለት ትልቅ ነውር ነው፤ አንድ ስም ዝም ካለ ማንም እንጀራ አይቆርስም፣ ችቦና ውሃ ተይዞ ይወጣል። በዚህ ልማድ ስንት ሰው ከእባብና ከጥም ተርፏል። እኔ ግን ያን ዕለት ሳላውቅ ለስርጉት አቤት አልሁላት። ስለዚህ ጥፋቱ የእናንተ ብቻ ነው አልልም፤ የእኔን ድርሻ እናቷ እግር ላይ ወድቄ ተናግሬያለሁ። የእናንተን ግን ማን ይናገርላችሁ?

ለጻፍኋቸው ደብዳቤዎች የሰጣችሁኝን መልስ ከልቤ አደንቃለሁ። የመጀመሪያው ማሽኑ ዓለም አቀፍ ደረጃ ያሟላ ነው ይላል፤ በቅሎን አባትሽ ማን ነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች። ሁለተኛው ቅሬታ በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ መቅረብ ነበረበት ይላል፤ በሃያ አራተኛው ሰዓት ላይ እኛ መቃብር እየቆፈርን ነበር፣ ይቅርታ ይደረግልን። ሦስተኛው ውጤት እንዲሰረዝ መጠየቅ የምትችለው ሯጯ ራሷ በአካል ቀርባ ነው ይላል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል እሰማ ነበር፤ ለማሽኑም እንደሚሆን ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ዝርዝሩ ላይ «አልገባችም» ብትሉ ሙታን አይነሡም፤ ነገር ግን ያልገባ ሰው ሊፈለግ ይገባ እንደነበር ታምናላችሁ። እናቷ የምትፈልገው ይህን ብቻ ነው።

ለኮሚቴዎ አባላት በሙሉ ረጅም ዕድሜና የሚጠራቸው ሰው እንዳያጡ እየተመኘሁ፣ በአሥራ አንድ ሯጭ ስም ለመዘገባችሁኝ ክብር እጅ የምነሣ፣

እንዳለው፣ የውሃው ትራክተር ነጂ
ገንዳ ውሃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ባለፈው ሳምንት ስርጉት ስልክ ላይ አዲስ መልእክት ደርሷል። ባለፈው ውጤቷ መሠረት ዘንድሮ ከፊት መስመር እንድትሰለፍ መመረጧን ያበሥራል። እትዬ ማዕረግም አስነብባ ሰማች፤ ማሽኑ አይሳሳትም ካላችሁማ፣ በዕለቱ መጥታ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆማ እንደምትጠብቃት ንገርልኝ ብላኛለች። ልጇ እስክትገባ ድረስ ምንጣፉን እንዳታነሡባት አደራ።