ዝምታው ላንተ አይደለም

ውድ ሚናጋዋ፣

በዚህ ስታዲየም ጣሪያ፣ ከኋላዬ በተሰቀለው የቡድናችን ባንዲራ፣ እንዲሁም አጥሩ ላይ ቆሞ የተጠበሰ ምሳዬን፣ ባለ አስር እግሩን ስኩዊድ፣ በክፉ ዓይን በሚያየው የባሕር ወፍ ፊት አንድ በደል እናዘዛለሁ። በግራ እግሬ ካልሲ ውስጥ የጡሩምባዬን መንፊያ አፍ ነቅዬ ደብቄያለሁ። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ቁርጭምጭሚቴን እየቆረቆረኝ ስለሆነ ቅጣቴን ከወዲሁ ጀምሬያለሁ፤ ሌላ እንዳይጨመርብኝ።

መጀመሪያ «እርስዎ» እያልኩ ልጽፍልህ አስቤ ነበር። ግን ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ከብዙ ሺህ ሰው ጋር ሆኜ ስምህን ያለ ማዕረግ ስጮህ ኖሬ፣ ዛሬ ወረቀት ላይ ብቻህን ሳገኝህ አንቱ ብልህ ሽሙጥ ይመስልብኛል። እንደለመድነው እንቀጥል።

ኮሃሩ ነኝ። ስሜን ላታውቀው ትችላለህ፤ ድምፄን ግን ታውቀዋለህ። የጡሩምባዬን ማለቴ ነው። እዚህ ሃቺኖሄ የቤዝቦል ቡድናችን ኳስ ተቀባይ በነበርክባቸው ዓመታት ሁሉ፣ ዱላህን ይዘህ ለመምታት በወጣህ ቁጥር ያንተን ዜማ እንነፋልህ አልነበር? ዜማው ሊያልቅ ሲል ወደ ላይ የሚወጣበት ቦታ ላይ እንደ ሸክላ ስንጥቅ የምትለዋ ድምፅ የእኔ ነበረች።

የምጽፍልህ የአያቴ የተቃውሞ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። ብትገለብጠው «አመራሩ ይውረድ!» የሚል ታያለህ፤ እንዳትደነግጥ፣ አንተን አይመለከትም። ከጨዋታው በኋላ በእንግዶቹ አውቶቡስ መስኮት ልወረውርልህ ነው ሐሳቤ። ነገሩ እንዲህ ነው። ከሄድክ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላ ቡድን ማልያ ለብሰህ ዛሬ ሜዳችን ላይ ቆመሃል። እኛ ደግሞ ልክ ዛሬ፣ ከጨዋታው መጀመሪያ እስከ መጨረሻው፣ ትንፍሽ ላንል ተማምለናል። ጡሩምባ የለም፣ ከበሮ የለም፣ ጩኸት የለም። ዝምታው ለአመራሩ ነው። ይህን ግን ላንተ የነገረህ ሰው የለም።

ቅድም ለማሟሟቅ ስትወጣ ቀና ብለህ ወደ እኛ አየህ። አንዴ። ሁለተኛ አላየህም። ስኩዊዱ ከዚያ ወዲህ አልወርድልሽ ብሎኛል።

አንተ ከሄድክ በኋላ የሆነውን ልንገርህ፤ አለዚያ ዝምታውም አይገባህም። አመራሩ በሌላ ተጫዋች የለወጠህ ስታዲየሙ ተዘግቶ ወንበሮቹ በረዶ ለብሰው ሳለ ነው። ወሬውን የሰማነው ከአያቴ ፀጉር ቤት ሬዲዮ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ ጡሩምባ ይዞ ማን ይሸኝሃል? ሳንሰነባበት ቀረን። በምትክህ የመጣው ግራኝ ኳስ ወርዋሪ ትከሻውን ታሞ መጣ። ሁለት ጨዋታ ወርውሮ ተኛ። አሁን የምናየው የቡድናችን ባለቤት የሆነው ፋብሪካ በሚያሠራው የዓሣ ቋሊማ ማስታወቂያ ላይ ብቻ ነው፤ እዚያም ቋሊማውን የሚያነሳው በደህናው እጁ ነው።

ቀጥሎ ዋና ሥራ አስኪያጁ ክራባታቸውን አስረው «ቡድናችንን አጠናክረናል» ብለው መግለጫ ሰጡ። እንዴት አጠናከሩት? የመጀመሪያውን ቤዝ፣ ያቺን አንዲት የሯጭ መርገጫ፣ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች አስፈረሙ። ቤዙ እኮ አንድ ነው! ሁለቱ ቀኑን ሙሉ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው የሱፍ አበባ ፍሬ ይፈለፍላሉ። ተቀባይ ግን አልገዙም። ሩቅ ሜዳ ላይ ይጫወት የነበረውን ሙራሴን ጠርተው ያንተን ጭምብል አጠለቁለትና ከመምቻው ኋላ አስቀመጡት። ልጁ ሃያ አንድ ዓመቱ ነው። ኳሱ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍናል። ኳሱ በእግሮቹ መሐል ሲያልፍ ዞሮ ለማምጣት የሚሮጠው ሩጫ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምራል።

እኔም እንደ ሰዉ ስስቅበት ከረምኩ። ባለፈው ሳምንት ግን ጨዋታው አልቆ ሰው ሲወጣ ጡሩምባዬን ረስቼ ስመለስ፣ ሙራሴ ባዶው ሜዳ ላይ ተንበርክኮ አንዱን ሠራተኛ ለምኖ ኳስ ያስወረውር ነበር። አንዷን ቀልቦ ብቻውን አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ አልስቅም። እሱን ተቀባይ ማድረግ አያቴን ጥርስ ንቀሉ ብሎ እንደማዘዝ ነው። አያቴማ ቢታዘዙ ደስ እያላቸው ይነቅላሉ።

አያቴን እንኳ ታውቃቸዋለህ። በፊሽካ የሚመሩን፣ ጭንቅላታቸው ላይ ፎጣ የሚያስሩት ኦኑማ ናቸው። ለሙራሴ አዲስ ዜማ የደረሱለት እሳቸው ናቸው። በዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነፍተው ሲያሰሙን ሁላችንም አንገታችንን ደፋን፤ ዜማው ቁርጥ ጠዋት ጠዋት በሰፈራችን የሚያልፈው የቆሻሻ መኪና ዜማ ነበር። አሁን ሙራሴ ሊመታ በወጣ ቁጥር ከታች ረድፍ አንዱ «ፌስታላችሁን አውጡ!» ይላል።

የዝምታው ስብሰባ የተካሄደው ሰኞ ዕለት እዚያው ፀጉር ቤት ነው። አንድ ደንበኛ ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ እንደተቀባ ወንበሩ ላይ ቀርቷል።

«መጮህ ምን አመጣልን?» አሉ አያቴ ምላጩን እንደ ሰይፍ እያወዛወዙ። «ጮህን፣ ነፋን፣ ደለቅን። እነሱ ፎቅ ላይ ተቀምጠው ‹ደጋፊው ደስ ብሎታል› ይላሉ። ከእንግዲህ ዝም! አንድ ሙሉ ጨዋታ ዝም!»

«እስቲ አንተ መጀመሪያ አንድ ሰዓት ዝም በልና እኛ እንከተልሃለን» አሉ እማማ ሹኮ። ቶፉ፣ ያንን የአኩሪ አተር አይብ፣ የሚሸጡት ከበሮ መቺያችን።

«ሹኮ፣ ዛሬ አትጀምሪኝ።»

«ምኑን ጀመርኩህ? እስክትጨርስ እየጠበቅኩህ ነው እንጂ።»

«ጋሼ ኦኑማ፣ ይቺ ጢሜ...» አለ ደንበኛው።

«ጢምህ የትም አይሄድም! ቡድናችን ነው እየሞተ ያለው!»

ቀን ሲመረጥ ሁሉም በአንድ አፍ ቴሌቪዥን የሚያስተላልፈው ጨዋታ ይሁን አለ። ቀኑን ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው የጨዋታ መርሐ ግብር አየሁት። እጄን አወጣሁ።

«አባባ፣ ያን ቀን እኮ የሚመጣው ሚናጋዋ ነው።»

ሁሉም ዞሮ አየኝ። ግማሽ የተላጨው ደንበኛ ሳይቀር።

«ታዲያስ?» አሉ አያቴ።

«ታዲያማ፣ ዝም ስንለው እሱን የጠላነው ይመስለዋል። ስንብት እንኳ አላደረግንለትም።»

«ሚናጋዋ አሁን የሌላ ሰው ተጫዋች ነው። ለተጋጣሚ መቺ ጡሩምባ አይነፋም። ሕግ ነው።»

«ሕጉን ማን አወጣው?»

«እኔ ነኛ!»

«እንግዲያው እርስዎው ይሻሩታላ።»

«ሰማችሁልኝ? ይቺ ልጅ ይሄን ምላስ ከማን ነው የወሰደችው?»

«ዞር በልና መስተዋቱን ጠይቀው» አሉ እማማ ሹኮ።

ሁሉም ሳቀ፤ ግን ድምፅ ሲሰጥ ሁሉም መሬት መሬቱን እያየ እጁን አወጣ። እማማ ሹኮም ጭምር። ደንበኛውም ከነአረፋው አወጣ፤ እሱስ ቶሎ እንዲላጩት ብሎ ነው። አዋቂዎች እንዲህ ናቸው። በሚያናድዳቸው ሰው ላይ ሲነሱ የሚወዱት ሰው መሐል ላይ እንደቆመ ያዩታል፤ ያዩታልና ዓይናቸውን ይመልሳሉ።

ዛሬ በር ላይ አያቴ የብስኩት ቆርቆሮ ይዘው ቆሙና የጡሩምባዎቹን አፍ አንድ በአንድ ሰበሰቡ፤ እጁን የሚበላው ሰው እንዳይኖር። እኔ የሰጠኋቸው የትምህርት ቤታችንን ነው። የራሴ ያለው የት እንደሆነ ነግሬሃለሁ። የቡድኑን መፈክር ደግሞ ለተቃውሞ ገልብጠው ሰቀሉት፤ ግን አያቴ በደህናውም ቀን ገልብጠው ስለሚሰቅሉት እስካሁን ያስተዋለ የለም።

ጨዋታው ተጀምሯል። መጀመሪያ የምትመቱት እናንተ ናችሁ። በምትመቱበት ተራ አንተ ስድስተኛ ነህ፤ ብዙ ጊዜ አለኝ ብዬ ነበር። ሙራሴ ግን አሁን አንዷን ጣለ።

ዝምታ ምን ያህል አስቀያሚ እንደሆነ አላውቅም ነበር። ኳስ ጓንት ውስጥ ስትገባ እስከ እኛ ድረስ ይሰማል። ሦስት ረድፍ ወደ ላይ አንድ ሕፃን ሽንቱ እንደመጣ ሲናገር ሁላችንም ሰማን፤ አያቴ ዞረው «እሽሽ!» አሉት። ሕፃኑ «ሽንቴን እንዴት አድርጌ ዝም ላሰኘው?» አላቸው።

ሙራሴ ሌላ ጣለ። አቤት፣ በጣለ ቁጥር መቺዎቻችሁ ሳይወጡ ይተርፋሉ፤ ያንተም ተራ እየቀረበ ነው።

ቶሎ ልበል። ታስታውሳለህ? በልምምድ ሰሞን ነበር፤ አስር ዓመቴ ነው። አጥሩን ይዤ ቆሜ ጡሩምባዬን በትከሻዬ አንጠልጥያለሁ። አያቴ ጀርባቸውን ሰጥተውን ከጎን ካለው ጋሪ የተጠበሰ በቆሎ ይገዙ ነበር። ጉልበትህን በበረዶ ጠቅልለህ እያነከስክ መጣህና፣

«ዜማዬ መጨረሻ ላይ ያችን ድምፅ የምትሰነጥቂያት አንቺ ነሽ?» አልከኝ።

ልሞት ነበር። «አስተካክላታለሁ» አልኩህ። «በየቀኑ እየተለማመድኩ ነው።»

«እንዳታስተካክያት። ጡሩምባ የትም ሜዳ አለ። ያች ድምፅ ስንጥቅ ስትል ነው አገሬ መሆኔን የማውቀው።»

ከዚያ ወዲህ ድምፄ በተሰነጠቀች ቁጥር ሄልሜትህን ሁለቴ መታ መታ ታደርግ ነበር። ሰዉ የዕድል ልማድ መስሎት ነበር፤ የሰፈር ልጆች ሁሉ ይኮርጁሃል። ለማንም አልተናገርኩም። አያቴም ከዚያ ቀን በኋላ በዚያች ድምፅ እኔን መቆጣት ተዉ፤ ሰልችቷቸው መስሎኝ ነበር።

አሁን ትልቁን ኑዛዜ ልናገር። አንተ ስትሄድ በጣም ተናድጄ በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ባሕሩ ዳር እየወጣሁ ነፋሁ። ያንተን ዜማ ብቻ። ሳላስበው ድምፄ ተስተካከለች። አሁን ወደ ላይ ስትወጣ እንደ መስታወት ጥርት ብላ ነው የምትወጣው። መምህሬ አቀፈችኝ፤ እኔ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስለዚህ ዛሬ ሕጉን ጥሼ፣ መሐላዬን አፍርሼ ብነፋልህ እንኳ የምትሰማው የማንንም ጡሩምባ ነው። ሆን ብዬ ልሰንጥቃት? ሆን ተብሎ ቢሰነጠቅስ ያው ነው? የማማክረው ሰው የለኝም፤ ወፉም ስኩዊዴን ይዞ ሄዷል።

ሙራሴ አንዷን ቀለበ። ደህና አድርጎ ቀለበ፣ ዓይኑን ገልጦ! ላጨበጭብለት ስል እጄን ያዝኩ። እንዲህ ያለ ሞኝነት አለ? የራሳችን ልጅ ተሳክቶለት እንኳ ዝም።

ቀጣዩ አንተ ነህ። መጠበቂያው ላይ ቆመህ ዱላህን እያወዛወዝክ ነው። ፀጉርህ ከጎን ሸብቷል፤ አያቴ ቢያገኙህ በነፃ ይቆርጡልህ ነበር። ሠላሳ ሰባት ሞልቶሃል፤ ሊጋችሁ ሌላ ነውና በዓመት አንዴ ብትመጡ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያ ጉልበትህ ያመጣሃል አያመጣህም ማንም አያውቅም። ወደ እኛ አታይም። ሆን ብለህ እንደማታይ ከአንገትህ ያስታውቃል።

ምናልባት ሳልጨርስ ከተያዝኩ ስሜን አሁኑኑ ልፈርም፦ ከሌላ ቡድን ጋር ብትቆምም ያልተለወጠችልህ፣ የስንጥቋ ድምፅ ባለቤት፣ ኮሃሩ። የትም ሜዳ ብትጫወት ደህና ሁንልኝ።

ወደ መምቻው እየሄድክ ነው። ስምህ በድምፅ ማጉያው ተጠራ። ስታዲየሙ ጭጭ ብሏል። የጫማህን ኮቴ የሰማሁት ይመስለኛል።

ወዮ፣ አያቴ ተነሱ። የብስኩቱ ቆርቆሮ እጃቸው ላይ ነው፤ ክዳኑ የለም። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ ለጡሩምባ ነፊዎቹ ሁሉ አፉን እያደሉ ይወርዳሉ። እማማ ሹኮ የከበሮውን ዱላ ከጃኬታቸው እጅጌ ውስጥ መዘው አወጡ፤ ለካ እሳቸውም! አያቴ እኔ ጋ ደረሱ። የትምህርት ቤቱን አፍ ከቆርቆሮው አንስተው ገልበጥ አድርገው አዩት፣ ቀጥሎ ካልሲዬን አዩ፤ እኔም እየጻፍኩ ቀረሁ...

«ኮሃሩ! ያንን ከካልሲሽ አውጪና ንፊ! ደግሞ ያችን ድምፅ አደራ፣ ስንጥቅ ካላለች ሚናጋዋ ማን መሆናችንን አያውቅም!»