አባታቸው ያልታወቀ ጊደሮች

ሰኞ፣ ኅዳር 8። ጠዋት 3፡40

ከቡራዩ ጳውሎስ፣ ከጳውሎስ አዲሱ ገበያ፣ ከአዲሱ ገበያ ሱሉልታ። ሦስት ታክሲ። ቢሮ ስገባ ሰርቨሩ ግሏል። መስኮት ከፈትኩለት። እሱ በረደለት፣ እኔ ኮቴን ደረብኩ።

የዛሬው ሥራ ቀላል ነው። የአንዲት ጊደር አባት በስህተት ተመዝግቧል፣ የኮርማውን ቁጥር ማረም። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ላይ አንድ መስመር ትዕዛዝ። ከሻይ በፊት ያልቃል።

5፡00

ትዕዛዙን ስጽፍ «ለዚህች ጊደር ብቻ» የሚለውን ቅድመ ሁኔታ ረሳሁት። «አንድ ታርሟል» እንዲለኝ ስጠብቅ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር መጣ። በወተት ዩኒየናችን የተመዘገቡ ከብቶች በሙሉ፣ ከሱሉልታ እስከ ሰበታ፣ አሁን አባታቸው አንድ ኮርማ ነው።

ትንሽ ተረጋጋሁ። ባክአፕ አለ። በየቀኑ ቅጂ እንዲወሰድ ያደረግኩት ራሴ ነኝ።

8፡30

ባዶ ነው። ፋይሎቹ በየቀኑ ተሰልፈዋል፣ ስምና ቀን አላቸው፣ ውስጣቸው ግን ምንም የለም። ሐምሌ ላይ ዲስኩ ሞልቶ ኖሯል። አንድ ቀን እንኳ ከፍቼ አላየሁም። የመጨረሻው ደህና ቅጂ የሰኔ ነው።

ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ከሰኔው ቅጂ የአባቶቹን ቁጥር መለስኩ። አብዛኛው ዳነ። የቀሩት ከሐምሌ ወዲህ የገቡት ናቸው፣ የሰበታና የፉሪ አዳዲስ አባላት ከብቶች። እነሱ ደግሞ ወረቀት የላቸውም። አዳቃዮቹ በየደጁ እየዞሩ በታብሌት ነው የመዘገቧቸው። ወረቀት ይቅር ያልኩት እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ፣ ቆሜ።

ሥ/አስኪያጇ ወ/ሮ ዘነበች በሩ ላይ ብቅ አሉ። የሐሙሱ ዝርዝር ይደርሳል ወይ? ዝርዝሩ የትኛዋ ጊደር በየትኛው ኮርማ ዘር እንደምትዳቀል ይናገራል። ሲስተሙ የሚመርጠው የገዛ አባቷ እንዳይደርሳት እየተጠነቀቀ ነው። አባቷን ካወቀ።

ይደርሳል አልኳቸው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በየአካባቢው ብዙ የተሠራበት ኮርማ ይታወቃል። ባዶውን ሁሉ በእሱ ብሞላውስ? ግማሹ እንኳ ልክ ሊሆን ይችላል። ማን ያውቃል?

ትዕዛዙን ጻፍኩ። ቅድመ ሁኔታውን ሦስት ጊዜ አነበብኩ። በዚህኛው ጥንቁቅ ነኝ። አስገባሁት።

ሰንጠረዡ ያምራል። አንድም ክፍት ቦታ የለውም። ምሳ አልበላሁም። ቤት ስገባ እህቴ ምን ሆነሻል አለችኝ። ራሴን አሞኝ ነው አልኩ። አሞኛልም።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11። ከሰዓት 9፡15

ኦቦ ለታ ደወሉ። የሰበታ በኩል አዳቃያችን ናቸው፣ በዕድሜም በሥራም የሁላችንም ታላቅ። አካም ጅርታ፣ እህትሽ ደህና ናት፣ መንገዱስ? ሁሉንም ጠየቁ። ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ፣ የቶሎሳን ጊደር በዚህ ኮርማ አዳቅል ይላል ዝርዝርሽ። ይሄ እኮ አባቷ ነው። እናቷን ያዳቀልኩት እኔ ነኝ። ወይ ማሽኑ ተሳስቷል፣ ወይ እኔ አርጅቻለሁ።»

«አንቱ አልተሳሳቱም፣ ላጣራ» አልኳቸው።

«አጣሪ። እኔ እስክትደውዪ አልነካትም። ሌሎቹ ልጆች ግን ጠዋት ወጥተዋል።»

ለሁለቱ ሌሎች አዳቃዮች ደወልኩ። አንደኛው ወዲያው አነሳ፣ ገና አልጀመረም። ሁለተኛው ፉሪ ነው፣ ስልኩ አይሠራም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሲያነሳ አራት ጊደር ጨርሷል። የአራቱም አባት ተብሎ የተጻፈው የእኔ ግምት ነው፣ በገዛ አባታቸው ተዳቅለው እንደሆነ አላውቅም።

10፡40

ለወ/ሮ ዘነበች ነገርኳቸው። ሁሉንም፣ የረቡዕንም ጭምር። መነጽራቸውን አወለቁ፣ አደረጉ። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሌላ ማን ያውቃል?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ትናንት ሚካኤል ነበር፣ ቢሮ ዝግ። ቀኑ አላልቅ አለኝ። ዛሬ ሰበታ፣ ኦቦ ለታ ቤት። ግቢው ውስጥ ዱካ ላይ አስቀመጡኝ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ፣ ተነስተው ገቡና ደብተር ይዘው ወጡ።

መጻፍ አላቆሙም ለካ። ታብሌቱ ጥሩ ነው፣ ዝናብ ሲነካው ግን ጣት አይሰማም አሉ። እንደ ይቅርታ ነው የተናገሩት። እኔ ነበርኩ ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝ።

እሳቸው እያነበቡ እኔ ላፕቶፔ ላይ አስገባሁ። ከብቶቹን ጆሯቸው ላይ ባለው ቁጥር አይጠሩም። የቶሎሳ ቡሬ፣ የመበለቷ ጥቁር፣ ያቺ ተራጋጯ። እኔ ቁጥራቸውን እፈልጋለሁ። ከሰዓት ሲሆን የእሳቸው ወገን አለቀ።

አልተቆጡኝም፣ ያ ነው የከበደኝ። ለምን እንደማይቆጡ ጠየቅኳቸው።

«እኔም አንዴ የተሳሳተ ዘር ሰጥቼ ዝም ብያለሁ» አሉ። «ጥጃዋ ደካማ ሆና ተወለደች። ዓመት ሙሉ በዚያ ሰውዬ ደጅ አላለፍኩም። ዙሪያውን ነበር የምሄደው። ሩቅ ነው መንገዱ።»

ሌሎቹ ሁለቱ ደብተር የላቸውም። ወረቀት ይቅር ስል እሺ ብለው ሰምተውኛል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15። 4፡00

ጾም ገባ። ወተቱ ከዛሬ ጀምሮ ይተርፋል፣ ወ/ሮ ዘነበች ፊታቸው ጠቁሯል። በሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች ሲስተሙን ሊያዩ ይመጣሉ። የቀረውን ግምት እንዳለ ተይው አሉኝ። አባላት ከሰሙ ማን ያምነናል? ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን ዩኒየን ከአንድ ክፍል ቤት ነው ያሳደጉት። እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ።

7፡50

መጀመሪያ ቅጂ ወሰድኩ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ፣ ከብቶቹ ውስጡ መኖራቸውን በዓይኔ አየሁ። ከዚያ ግምቶቹን አጠፋሁ። ትዕዛዙን በሙከራ አስኬድኩ፣ ቁጥሩን ከዝርዝሬ ጋር አመሳከርኩ፣ ልክ ሲሆን አጸደቅኩ።

አሁን ሰንጠረዡ ላይ ክፍት ቦታ ሞልቷል። ዳታቤዙ ክፍቱን እንደ ዜሮ አይቆጥረውም፣ አይታወቅም ብሎ ነው የሚያነበው። ለእነዚህ ጊደሮች ኮርማ አይመርጥም። ሰው ጠይቁ ይላል። ሳምንቱን ሙሉ ያስጠላኝ ክፍት ቦታ፣ ዛሬ እሱን ሳይ ትከሻዬ ቀለለኝ።

ለወ/ሮ ዘነበች ያደረግኩትን ጽፌ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ። ሊያባርሩኝ ይችላሉ። እስካሁን አልጠሩኝም።

9፡20

አልጠሩኝም።

የአራቱን ጊደሮች ባለቤቶች ስም አወጣሁ። አራቱም ፉሪ ናቸው። ስልካቸው እዚሁ ሰንጠረዥ ላይ አለ። የመጀመሪያውን ቁጥር መትቼ፣ ሳይጠራ ዘጋሁት። እንዲህ ያለው በስልክ አይነገርም።

ነገ ሱሉልታ አልመጣም። ከቡራዩ በአየር ጤና አድርጌ ፉሪ እወርዳለሁ። አራቱንም ደጅ፣ በእግሬ።