መስቀል ያረፈባቸው ዘጠኝ ድምፆች

ለተከበሩ የአካባቢያችን ምርጫ አስፈጻሚ ሹም፣
ለንደን

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ሰነበቱ? እኔ በብራምብል ኮርት ሦስተኛ ፎቅ የምኖር ሽማግሌ፣ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም በመሥሪያ ቤትዎ ውስጥ ሽቅብና ቁልቁል ሲል ለሚውለው ሊፍት ጭምር ፍጹም ጤንነትን እመኛለሁ። የእኛው ሊፍት ከገና ጀምሮ በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መካከል ሱባዔ ገብቷል። አይስጉ፣ ስለ እሱ አልጨቀጭቅዎም፤ ሊፍት የእርስዎ ሥራ እንዳልሆነ ሦስት ጊዜ ኢሜይል አድርጌልዎ ሦስቴም በትሕትና አስረድተውኛል። የእርስዎ ሥራ ምርጫ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ እኔም ስለ ባለፈው ሐሙስ ምርጫ ምስጋናዬን በቁጥር ከፋፍዬ ላቀርብልዎ ተነሥቻለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ወረቀቶቹ ቀለም። በፋሲካ ሳምንት፣ በመድኃኔዓለም ቀን፣ ጾም ፈትተን ሆዳችን ገና ሳይረጋጋ፣ ሮዝ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ነጭ ወረቀት በአንድ ጊዜ ስላስታቀፉን እናመሰግናለን። ሮዙ የከንቲባ መሆኑን ከቴሌቪዥን ሰምተናል። በቢጫውና በብርቱካንማው ላይ የሰፈሩት ሰዎች ሲመረጡ ምን እንደሚሠሩ ጎረቤቶቼን ብጠይቅ ግን፣ አንዱ ቆሻሻ ያስነሣሉ አለኝ፤ ሌላው ፖሊስ ይቆጣጠራሉ አለኝ፤ ሦስተኛው ምንም ይሥሩ ምን፣ ቀለሙ ደስ ብሎኝ መርጫቸዋለሁ አለኝ። ሮዙ ላይ ደግሞ ለአንደኛና ለሁለተኛ ምርጫ ሁለት ረድፍ አዘጋጅተውልናል። በእኛ ዘንድ ሽማግሌ ልኮ እሷን ከከለከላችሁኝ እህቷም ትሆነኛለች የሚል ቢገኝ፣ ሽማግሌዎቹ ከነጋቢያቸው ይባረራሉ፤ እርስዎ ግን ወግ አድርገውታልና ሥልጣኔዎ ያስቀናል።

ሁለተኛ፦ ስለ ነጩ ወረቀት። የቀድሞው የምክር ቤት አባላችን ለንደን መሮአቸው ባሕር ዳርቻ ስለገቡ፣ በጎደለችው አንዲት ወንበር አምስት ሰዎች ይወዳደሩ ነበር። ከንቲባውን ዓለም ያውቀዋል፤ ይህችን ምርጫ ግን ከእኛ ሕንፃ በቀር ከቁም ነገር የቆጠራት አልነበረም። ከአምስቱ አንዷ እህተማርያም ነበረች። እህተማርያም በማለዳ አውቶቡስ ይዛ ሆሎዌይ ወርዳ አረጋውያን ስትንከባከብ የምትውል፣ ፓርቲ የሌላት ሴት ናት፤ ቃል የገባችውም አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሊፍቱን አስጠግናለሁ የሚል። እርስዎ ስሟን ገልብጠው፣ አባቷን አስቀድመው፣ «ዘርይሁን፣ እህተማርያም» ብለው ጻፏት። የአባቷ ስም በፈረንጅ ፊደል በዜድ ስለሚጀምር ከሁሉም ታች ሆነች። አቶ ዘርይሁን ካረፉ ሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። በሕይወት ሳሉ የዕድር ጸሐፊ ይሁኑ ቢባሉ እምቢ ያሉትን ሰው፣ በአጥንታቸው ለለንደን ምክር ቤት ስላወዳደሩልን ነፍሳቸው ታመስግንዎ። እኛም እንግሊዝኛ ለማያነቡት እናቶቻችን ከታች የመጨረሻዋ ናት ብለን ለማስረዳት ቀሎናል።

ሦስተኛ፦ ስለ አማርኛው በራሪ ወረቀት። በቋንቋችን አስተርጉመው በየበራችን ስለላኩልን ደስታችን ወሰን አልነበረውም። እንዲህም ይላል፦ ከመረጡት ሰው ስም ጎን ባለው ሣጥን ውስጥ መስቀል ያድርጉ። ወይ ጉድ! መስቀል ሲሳለም የኖረ ሕዝብ፣ ያውም በፋሲካ ሳምንት፣ መስቀል አድርግ ሲባል ምን የሚያደርግ መሰለዎት?

ሰባተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ ጥሩብርሃን ጉልበታቸውን ከታመሙ ቆይተዋል፤ ሊፍቱ ከቆመ ወዲህ ትንሣኤን እንኳ ያከበሩት ቤተ ክርስቲያኑ ባለበት አቅጣጫ በመስኮት እየተሳለሙ ነው። ያን ሐሙስ ግን ነጠላቸውን አጣፍተው፣ በራሪ ወረቀትዎን በመሐረብ ጠቅልለው፣ መቶ አሥራ ሁለት ደረጃ ወረዱ። ጎረቤታችን አቶ ዓለምሰገድ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው እየተከተሉ በየፎቁ ያሳርፏቸው ነበር። በፖስታ መምረጥ ይችሉ እንደነበር አውቃለሁ፤ እሳቸው ግን ቆሜ ካልሰጠሁት ምኑን ድምፅ ሆነ ብለው አሻፈረኝ አሉ። ገቡና በነጩ ወረቀት፣ በመጨረሻዋ ሣጥን ውስጥ፣ መስቀል ሣሉ፤ መስቀል ሥለው ስም ሳይጽፉ መተው ደግሞ ነውር መሰላቸውና ከሥሩ የክርስትና ስማቸውን ጻፉ። ወደ ላይ ለመመለስ ሁለት ሰዓት ፈጀባቸው። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

በማግስቱ በቆጠራው አዳራሽ እንደዚህ ያሉ ዘጠኝ ወረቀቶች ጠረጴዛዎ ላይ ተደረደሩ፤ ዘጠኙም መስቀል፣ ዘጠኙም ከነስማቸው፣ አንዱማ ሐረጉ ሳይቀር የተጣለበት የላሊበላ መስቀል። እርስዎ መነጽርዎን ቢያወልቁ ቢያጠልቁ አልገባዎትም፤ ተርጓሚዎን ጠርተው ከመስቀሉ ሥር ያለው ምን እንደሚል ጠየቁት። ያ ሰውዬ፣ አፉን ቢይዝ ምን ነበረበት፣ ስም ነው ብሎ መለሰ። እርስዎም ድምፅ ሰጪው ማን እንደሆነ የሚያሳውቅ ጽሑፍ ያለበት ወረቀት አይቆጠርም የሚለውን ሕግ ጠቅሰው ዘጠኙንም ጣሏቸው። እህተማርያም በአራት ድምፅ ተሸነፈች።

ክቡር ሆይ፣ የክርስትና ስምን የሚያውቁት የነፍስ አባትና ፈጣሪ ናቸው። እኔ ከወይዘሮ ጥሩብርሃን ጋር ሃያ ሰባት ዓመት ጎረቤት ሆኜ ስኖር የክርስትና ስማቸውን አላውቅም፤ ከዘጠኙ የትኛው የእሳቸው እንደነበር አፍጥጬ ባየውም መለየት አልቻልኩም። እርስዎ ግን ማንነታቸው እንዳይታወቅባቸው ተጨንቀው ድምፃቸውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ደበቁላቸው። እግዜር ይስጥልን።

ለካ በእንግሊዝኛው «ክሮስ» ብለው የሚፈልጉት ኤክስ ኖሯል! እኛ በተማርንበት ትምህርት ቤት ኤክስ ማለት ስሕተት ነው፤ ደብተሩን በኤክስ አስሞልቶ ቤቱ የገባ ልጅ የሚጠብቀው ኩርኩም ነበር። ትክክል የሆነ ነገር ራይት ይደረግበታል። የምንወዳትን ሴት በኤክስ እንድንመርጣት የተፈለገው ለምን እንደሆነ አቶ ዓለምሰገድ እስከ ዛሬ አልገባቸውም፤ እኔም አስረድቼ አስረድቼ ደከመኝ።

አራተኛ፦ እርሳሱን በገመድ ስላሰሩልን እናመሰግናለን። በምርጫ ጣቢያው ውስጥ በጥንቃቄ የተያዘ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

አምስተኛውን ልተወው ነበር፤ ግን አልቻልኩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ያው በራሪ ወረቀት፣ መስቀሉ ሳይነካ፣ ለሚመጣው ምርጫ እንደገና ሊታተም መሆኑን ሰምቻለሁ። አንዲት የኤክስ ሥዕል ከጎኑ ትግባበት ብሎ ተርጓሚው ገና ከጅምሩ ሲለምን፣ ቦታው ለመሥሪያ ቤቱ ዓርማ ተይዟል፣ አንተ ቃል በቃል ተርጉም የሚል መልስ እንደደረሰውም ከታመነ ምንጭ አውቃለሁ።

ዓርማዎ ከሩቅ የሚታይ፣ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ ሊፍትዎም የማይቆም ይሁን እያልኩ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ኃይለመለኮት ጋሻው፤ በእርስዎ አጻጻፍ ጋሻው፣ ኃይለመለኮት
የብራምብል ኮርት ነዋሪ
የመሥሪያ ቤትዎም የአማርኛ ተርጓሚ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አዎን፣ ያ ሰውዬ እኔ ነኝ። መስቀል ብዬ የጻፍኩት እኔ፤ ስም ነው ብዬ ያነበብኩት እኔ። ራሴ ኤክስ አድርጌ መርጬ ቤቴ ስገባ፣ ለጎረቤቶቼ አንዲት ቃል ለመናገር አራት ፎቅ መውጣት ታከተኝ። አፍሬያለሁ። ወይዘሮ ጥሩብርሃን በየጠዋቱ እየደወሉ፣ መስቀል ያረፈበት ነገር ከንቱ አይቀርምና ሊፍቱ መቼ ነው የሚሠራው ይሉኛል። እኔም ቆጠራው አላለቀም እያልኩ ስዋሻቸው ሳምንት ሆነኝ። እውነቱን መንገር የሁለታችን ሥራ ስለሆነ ቅዳሜ ጠዋት ከሕንፃው በር ላይ እጠብቅዎታለሁ፤ ሰባቱን ፎቅ አብረን እንወጣለን። የፕላስቲኩን ወንበር እኔ እይዝልዎታለሁ።