ድምፅ እንዳይቋረጥ የኖሩት ጋሽ ሁለቴ

የሥራ ባልደረቦቻቸው «ጋሽ ሁለቴ» የሚሏቸው አጎታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከመምህርት እናታቸው በጥር 1955 ዓ.ም. ወንዝ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃን እዚያው ጨርሰው በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሮኒክስ ተማሩ። ጎበዝ ተማሪ ነበሩ ማለት አይቻልም። የቤቱን ሬዲዮ ፈትቶ በመገጣጠም ግን የሚስተካከላቸው አልነበረም፤ አንዳንዴ ብሎን ቢተርፍም።

በ1978 ዓ.ም. በአንድ የድምፅ መሣሪያ አከራይ ድርጅት ተቀጥረው፣ ድምፅ ማጉያ በመሸከም ሥራ ጀመሩ። በ1984 ዓ.ም. ነርስ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሴትና ወንድ ልጅ አፍርተዋል። ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ በኮምፒውተር ኔትወርክ መገናኘት ሲጀምሩ፣ ከድርጅቱ ሠራተኞች ሁሉ ቀድመው ሙያውን ተማሩ።

በ2000 ዓ.ም. በአንድ ትልቅ አዳራሽ ምረቃ ላይ ዋናውንና ተጠባባቂውን ኬብል በአንድ ቱቦ አሳለፏቸው። የዕቃ ጋሪ ቱቦው ላይ ወጣበትና ሁለቱም ተበጠሱ። አዳራሽ ሙሉ ሰው የተናጋሪውን ከንፈር ብቻ ሲያይ ቆየ። አጎታችን በጋሪው ገፊ አላሳበቡም፤ «ተጠባባቂ አለኝ ብዬ ራሴን ሸነገልኩ» ብለው ለአለቃቸው ተናገሩ።

ከዚያ ወዲህ አንዱ ኬብል በግራ ግድግዳ ከሄደ ሌላው በቀኝ በኩል በጣሪያ ይሄዳል። ዝግጅት ከመጀመሩ በፊት ሠራተኛው ሁሉ እያየ አንዱን በእጃቸው ይነቅሉታል። ድምፁ ካልተቋረጠ በሩ ይከፈታል፤ ከተቋረጠ አዘጋጁ ቢለምንም ቢቆጣም አይከፈትም። ቅጽል ስማቸው የመጣው ከዚህ ነው። ቤትም ያው ነበሩ። ልጃቸው ለፈተና የምትነሣው በሁለት የደወል ሰዓት ነበር፤ «አባዬ፣ አንዱ እኮ ይበቃል!» ብትልም የሚሰማት አልነበረም።

አንድ ነገር ግን አልታያቸውም። እሳቸው የዘረጉት ኔትወርክ እንዴት እንደተያያዘ ከራሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ስልክ ሲጮህ የቀረበ ምግብ ጥለው ይወጣሉ፤ የልጃቸው ምረቃ ላይ እንኳ ግማሹን ያሳለፉት ኮሪደር ላይ ስልክ እያወሩ ነው። በ2014 ዓ.ም. የሳንባ ሕመም ሲጀምራቸው ባለቤታቸው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው፣ «አሁንም ሁሉን በአንድ ቱቦ እያሳለፍክ ነው። ቱቦው ደግሞ አንተ ነህ» አሏቸው።

ጋሽ ሁለቴ አኮረፉ። ሲበርድላቸው ባልደረቦቻቸውን ቤት ጠርተው ማስተማር ጀመሩ። የጠሩት ሁለት ሰው መሆኑ ማንንም አላስገረመም። ለመምህርነት አልተፈጠሩም፤ ይቆጣሉ፣ ኬብሉን ከሰው እጅ ይነጥቃሉ። ባለቤታቸው በበሩ እያለፉ «እጅህን ሰብስብ!» ይሏቸዋል። እንዲህ እየተባለ ሁለት ዓመት ፈጀ።

ባለፈው ሰኔ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ፣ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ድምፁን የያዙት ትልቅ ኮንሰርት በከተማው ስታዲየም ነበር። ስልካቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። አልጮኸም። «ባትሪው አልቆ ይሆን?» ብለው ባለቤታቸውን ጠየቁ። አላለቀም ነበር።

በማግስቱ ሁለቱ ባልደረቦቻቸው ሊጠይቋቸው መጡ። ኮንሰርቱ መሐል ላይ ኬብሎቹ ከሚገናኙባቸው መሣሪያዎች አንዱ ተቃጥሎ እንደነበር፣ ድምፁ ግን እንዳልተቋረጠ ነገሯቸው።

«ታዲያ ለምን አልደወላችሁም?» አሉ፤ ተቆጥተው።

«ምን ብለን እንደውል ጋሽዬ? ማንም ሳያውቅ እኮ አለፈ።»

ጋሽ ሁለቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆይተው የባለቤታቸውን እጅ ፈልገው ያዙና ስልኩን ሰጧቸው። «ዝጊው፤ ልተኛ» አሉ። ባለቤታቸው እንደሚሉት፣ በትዳር ዘመናቸው ስልካቸውን ሲያስዘጉ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው፣ ቤተሰባቸው በዙሪያቸው ሆኖ አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውንና እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ያሳርፍ፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።